የ1966ቱ አብዮት፦ የሚወራውና የሆነው

ቡና ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት የ1966ቱ አብዮት ሲነሣ ወሬው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ መንግሥቱ ኃይለማርያም ንጉሡን ገለበጠ። ለአፍ ይቀላል፤ ስሕተቱ ግን ብዙ ነው። ወታደሩ፣ ታክሲ ነጂው፣ አስተማሪውና ሠራተኛው የየራሱን ጥያቄ ይዞ የተነሣበት ዓመት በአንድ ሰው ስም ተጠቅልሎ ቀረ። ጥቅልሉን ትንሽ እንፍታው።

«አብዮቱን የጀመረው ደርግ ነው»

ደርግ የተቋቋመው ሰኔ 21 ቀን 1966 ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ከተጀመረ አምስት ወር አልፎታል። ጥር 4 ቀን ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ያመጸው ስለ ሶሻሊዝም አንብቦ አልነበረም። የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከእኛ ጉድጓድ አትቀዱም አሉ፤ ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ጉዳዩን እንዲያዩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ጃንሆይ፣ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ፣ አመጸኞቹን አልቀጡም፤ ችግራችሁ ይታያል ብለው ቃል ገቡ። ወሬው በጦሩ የመገናኛ ሬዲዮ ከሰፈር ሰፈር ሲዛመት፣ ማመጽ እንደማያስቀጣ ሌላውም ጦር ተረዳ። ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ቀን ይኼ ነው፤ ግን በትምህርት ቤት መጻሕፍት አንድ መስመር ካገኘ ዕድለኛ ነው።

ከዚያ ከተማው ቀጠለ። የዓለም የነዳጅ ቀውስ የቤንዚንን ዋጋ አንሮት ነበርና የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ። በዚያው ቀን አስተማሪዎችም ሥራ አቆሙ። እነሱን ያስቆጣው የደመወዛቸው ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት አብዛኛውን የድሃ ልጅ በአራት ዓመት ትምህርት ሊገድበው ነው የሚል ስጋት ነበር። አሥመራ ያለው ጦር አመጸ፤ የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። የካቲት 28 የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ሚያዝያ 12 ደግሞ 100,000 ያህል ይሆናል የተባለ ሰልፈኛ የሙስሊሞችን እኩልነት ጠየቀ፤ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተው ነበር። ይህን ሰልፍ ስንቱ ያስታውሰዋል? ቀኑን የሚያከብረው የለም፤ ጥያቄው ግን የሃይማኖት በዓላትን ጨምሮ ዛሬ እንደ ተራ ነገር የምንቆጥራቸውን መብቶች የያዘ ነበር።

ደርግ የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ከጦር ኃይሎች፣ ከፖሊስና ከብሔራዊ ጦር የተውጣጡ፣ አብዛኞቹ ዝቅተኛ ማዕረግ ያላቸው ሰዎች ስብስብ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለንጉሡ ታማኝ ነኝ እያለ መግለጫ ያወጣ ነበር። ባለሥልጣናቱን አንድ በአንድ ለቅሞ ካሰረ በኋላ ነው ዙፋኑ ብቻውን የቀረው።

«ዙፋኑን የጣለው የወሎ ረሃብ ነው»

ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለማረም ያስቸግራል። ረሃቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጨርሷል፤ መንግሥትም ደብቆታል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ ለሕዝብ ያሳዩት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ከመሥራቱ በፊት ነው። ፊልሙ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1966 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ ያሳየው ግን መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው አንድ ሌሊት በፊት ነው። ረሃቡ የመንግሥቱን ክብር ገፎታል፤ የካቲት ላይ ሰው ያወጣው ግን ደመወዝ፣ ቤንዚንና ትምህርት ነው። ፊልሙን ደርግ የተጠቀመበት አስቀድሞ ለወሰነው ውሳኔ ማጽደቂያ ነው።

«መስከረም 2 ቀን ዘውዱ ተሻረ»

የተሻሩት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ዘውዱ አይደለም። ከፖሊስ የመጡት ሻለቃ ደበላ ዲንሳ ያነበቡት አዋጅ ጄኔቫ በሕክምና ላይ የነበሩትን አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንን «ንጉሥ» ይሆናሉ ይል ነበር። አስተዳደር ውስጥ እጃቸውን የማያስገቡ፣ የስም ንጉሥ። ዘውዱ ጨርሶ የተወገደው በመጋቢት 1967 ነው፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ ለስድስት ወር በወረቀት ንጉሥ ነበራት ማለት ይቻላል። ጃንሆይን በቮልስዋገን ወሰዷቸው የሚለው ግን፣ ተረት ቢመስልም፣ እውነት ነው። ሕዝቡም «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ጮኾባቸዋል።

«መንግሥቱ ከመጀመሪያው መሪ ነበሩ»

ሻለቃ መንግሥቱ ከሐረር ሦስተኛ ክፍለ ጦር ተወክለው የመጡ ነበሩ። በደርጉ ስብሰባ ውስጥ ጉልበታቸው ቀድሞ ታይቷል፤ ርዕሰ ብሔር ተብለው የተሰየሙት ግን ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም ናቸው። አማን ቀደም ሲል ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ውጊያ ስማቸው የገነነ፣ ወታደሩ የሚወዳቸው፣ ከደርጉ አባላት ውጭ የተጋበዙ ሰው ነበሩ። በኤርትራ ጉዳይና በእስረኞቹ ዕጣ ከደርጉ ጋር ተጋጩ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ቤታቸው ተከቦ ተገደሉ። ተከታዩ ተፈሪ በንቲ ሆኑ፤ እሳቸውም ጥር 26 ቀን 1969 ተገደሉ። መንግሥቱ በይፋ አንደኛ የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ርዕሳነ ብሔር ተገድለው የተያዘን ሥልጣን «ከመጀመሪያው የነበረ» ማለት ግድያዎቹን ከታሪኩ መፋቅ ነው።

«ስልሳዎቹ የጃንሆይ ሚኒስትሮች ነበሩ»

አማን በተገደሉበት ቀን የተረሸኑት ስልሳ ያህል ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የጃንሆይ ሰዎች እንደነበሩ ይወራል። አክሊሉ ሀብተወልድ፣ እንዳልካቸው መኮንን፣ ራስ አሥራተ ካሣና የንጉሡ የልጅ ልጅ እስክንድር ደስታ አብረው መረሸናቸው እውነት ነው። ግን ከተገደሉት መካከል ከአማን ጋር የቆሙ ወታደሮችና የደርጉ የራሱ ሰዎችም ነበሩ። አንዳቸውም ፍርድ ቤት አልቀረቡም። «ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» ሲባል የከረመው በአንድ ሌሊት አበቃ።

ደርግ ከሞስኮ ተልኮ መጣ የሚለው ብዙ አያቆየንም። ሶሻሊዝም የታወጀው ታኅሣሥ 11 ቀን 1967፣ ሥልጣን ከተያዘ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ደርግ እስከ 1969 መሣሪያ የሚያገኘው በዋናነት ከአሜሪካ ነበር፤ የሶቪየት መሣሪያ በብዛት የገባው ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ነው።

«ጃንሆይ በሕመም ሞቱ»

ይህን ያለው ራሱ ደርግ ነው። ነሐሴ 1967 በሬዲዮ የተነገረው መግለጫ ንጉሡ ቀደም ብሎ ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ በደም ዝውውር ችግር አረፉ የሚል ነበር። አስከሬኑ ለሕዝብ አልታየም። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984፣ ዐፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ። በ1987 የተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ንጉሡ ታፍነው መገደላቸውን በክስነት ይዞ ነበር። ዐፅሙ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ቆይቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ፤ መንግሥት ብሔራዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት አልሰጣቸውም። በሕመም የሞተ ንጉሥ ወለል ሥር አይቀበርም፤ የ1967ቱን መግለጫ እንደ ታሪክ መድገም ዛሬ ምንም ሰበብ የለውም።