የግቢው ውሻ ሳይከተብ መንጋው አይጠበቅም

ዶራሌ፦ ከድሬዳዋ በደወሌ ወይም ከአፋር በጋላፊ በኩል ጅቡቲ የሚገባ ነጋዴ ዶራሌን የሚያውቃት በወደቧ ነው። የኮንቴይነር ተርሚናሉ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሁለገብ ወደቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ሥራ ጀምረዋል። ለውጭ ገበያ የሚሄደው የቁም እንስሳ ከከተማዋ በሌላ አቅጣጫ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደተከፈተው የደመርጆግ ማቆያ ይሄዳል። ሰውና መኪና ግን በዶራሌ፣ በባልባላና በፒኬ 12 ዙሪያ ያድራሉ። ሰው ባደረበት ግቢ ደግሞ ሌባ የሚጠብቅ ውሻ፣ በመኖ መጋዘን አይጥ የምታድን ድመትና ለወተት የታሰሩ ጥቂት ፍየሎች አይጠፉም።

ነጋዴው ለፍየሉ የፒፒአር ክትባት ያስከትባል፤ ያለዚያ ወረቀቱ አይፈረምለትም። ለግቢው ውሻ ግን ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ከግቢው እንስሳት ሁሉ ያለ ክትባት የሚቀረው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ሰውንም መንጋውንም በአንድ ሌሊት ሊነክስ የሚችለውም እሱ ነው።

ድንበር የማያቆመው በሽታ

የእብድ ውሻ በሽታ ለዚህ ቀጠና አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ የተመዘገበው የመጀመሪያው ትልቅ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. የ1903ቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል፣ በኢትዮጵያ ብቻ ደግሞ ወደ 2,700 የሚጠጉ ሰዎችን እንደሚገድል ገምቷል። በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ ያህሉ የሚተላለፈው በውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ለድንበር ዘለል ንግድ አስቸጋሪው ነገር የበሽታው አካሄድ ነው። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከዚያ ይረዝማል። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ያለው መንገድ ግን የሳምንት እንኳ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ የተነከሰ በግ ጤነኛ መስሎ ተጭኖ፣ ጤነኛ መስሎ ኬላውን አልፎ፣ ማቆያ ውስጥ ወይም ከዚያ በኋላ ሊታመም ይችላል። ሐኪሙ በዓይኑ ያላየውን ምልክት ወረቀት ላይ ሊጽፈው አይችልም። መንጋው የት እንዳደረና ማን እንደነከሰው የሚያውቀው እረኛውና ነጋዴው ብቻ ናቸው።

እንስሳው ሲታመም የሚሠሩ ስህተቶች

በበሽታው የተያዘ በሬ ይጮኻል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ይህን ያየ ሰው አጥንት ወይም ፌስታል ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ለሃጩ ቫይረሱን የያዘ ስለሆነ፣ በእጁ ላይ ትንሽ ጭረት ካለ ለራሱ ሞት መንገድ ከፈተ ማለት ነው።

በወንድ ግመል ላይ ደግሞ በሽታው ሲጀምር ለስሪያ የጋለ ያስመስለዋል፤ አረፋ ይደፍቃል፣ ይቆጣል፣ ይናከሳል። ወቅቱ ሳይሆን እንዲህ የሆነ፣ ወይም ራሱንና ሌሎችን እየነከሰ እግሩ መሳብ የጀመረ ግመል ከመንጋው ተለይቶ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሦስተኛው ስህተት ከሁሉም የከፋ ነው። ምልክት የታየበትን እንስሳ «ሳይሞት እንረደው» ብሎ ቢላ ማንሳት ኪሳራ የቀነሰ ይመስላል። አራጁ ግን እጁን በለሃጭ፣ በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ያስገባል። ሥጋውም ሆነ ወተቱ ለምግብ መዋል የለበትም። ያበደ ውሻ የነከሰውን ፍየል አፍኖ ለሚቀጥለው ገበያ ማቅረብም ጉዳቱን ወደ ማያውቅ ገዢ ቤት ማዛወር ነው።

ሰው ከተነከሰ

ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይዘገዩ ጤና ተቋም መሄድ፣ የተጀመረውን ክትባት እስከ መጨረሻው መውሰድ ያስፈልጋል። ጥልቅ ቁስል ላለበት ሰው ከክትባቱ ጋር ተጨማሪ ፀረ እንግዳ አካል ይሰጣል። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢኖር እንኳ ክትባቱን ማስቀረት የለበትም። ነካሹ ውሻ ባለቤት ያለውና ጤነኛ የሚመስል ከሆነ አይገደልም፤ ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቃል። ከሞተ ሰው በእጁ ሳይነካው ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል፤ በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀው አንጎሉ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው።

ሂሳቡ

ወጪውን ማነጻጸር ከባድ አይደለም። ውሻ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፤ ከዚያ በዓመቱ ይደገማል፤ የሚቀጥለው ክትባት ጊዜ እንደ ክትባቱ ዓይነት ይወሰናል። አንድ ያልተከተበ ውሻ ዘበኛውን፣ ጫኙንና አንድ ሕፃን ቢነክስ ግን ለእያንዳንዳቸው 4 ወይም 5 መርፌ፣ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ መጓጓዣና የባከነ የሥራ ቀን ያስፈልጋል። የተነከሱት እንስሳት ከጭነቱ ተለይተው መቆየታቸው፣ የመርከቡም ቀጠሮ ማለፉ በዚህ ላይ ይደመራል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው በውሾች መካከል የሚዘዋወርበት መንገድ ይቆረጣል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ብቻውን ከሚያስከትብ፣ ጎረቤት ግቢዎች ተነጋግረው በአንድ ቀን ሐኪም ቢጠሩ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ጥበቃውም ይሰፋል።

ጉበትና ሳንባ ለውሻ አይጣል

በግቢ ውስጥ በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ጉበት ወይም ሳንባ ለውሻው ይወረወራል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር በውሻው አንጀት አድጎ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። እንቁላሉ በመኖና በውሃ ወደ በጉ፣ ባልታጠበ እጅ ወደ ሰው ይገባል። በየቄራው እየተቆረጠ የሚጣለው ጉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የበግ ጭንቅላት ለውሻ ሲጣል ደግሞ መንጋውን የሚያዞረው የ«አዙሪት» በሽታ በተመሳሳይ መንገድ ይቀጥላል። የታመመውን ክፍል ማቃጠል ወይም በጥልቀት መቅበር፣ ለውሻውም ሐኪም ባዘዘው ጊዜ ፕራዚኳንቴል መስጠት ይህን ዑደት ይሰብረዋል።

የመንጋው መድኃኒት፣ የቤቱ መርዝ

ለከብት የሚወጋው 1 በመቶ አይቨርሜክቲን ልኩ ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው። 5 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ በግምት 1 ሚሊ ሊትር የወጋ ሰው አሥር እጥፍ ሰጠው ማለት ነው። ፐርሜትሪን ያለበት የመዥገር መድኃኒት ድመትን ይገድላል። የዲያዚኖን ርጭት ቅሪት ያለበት ባልዲ ለውሻ ውሃ መቅጃ መሆን የለበትም። በመኖ መጋዘን የሚቀመጥ የአይጥ መርዝም የሞተችውን አይጥ ለበላች ድመት ይተርፋል። መድኃኒቶቹ ተቆልፈው፣ በራሳቸው ዕቃ ይቀመጡ።

የዶራሌ ሙቀት

ከሰኔ እስከ መስከረም የጅቡቲ ቀን በተደጋጋሚ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልብም፤ ራሱን የሚያበርደው በዋናነት በማለክለክ ነው። በቆርቆሮ ሥር በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ የተዘጋበት ውሻ በጥቂት ደቂቃዎች ሊሞት ይችላል። ጥላ፣ ነፋስና ቀኑን ሙሉ የማያልቅ ውሃ ያስፈልገዋል። ሲንገዳገድና ሲያስመልሰው ወደ ጥላ ወስዶ በውሃ ማርጠብና ማራገብ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

ለሚቀጥለው ጭነት ሲዘጋጁ ከመንጋው የክትባት ደብተር ጎን የውሻውን ካርድ ያስቀምጡ። የመጨረሻው ክትባት ቀኑ ካለፈ ወይም ካርዱ ከሌለ፣ ከመኪናው ኪራይ በፊት ለሐኪሙ ይደውሉ።