ስለ ማዕድ ቤት ምድጃና ስለ አመራረጡ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው የአበው ተረት ስለ ሹም ሽር ሲነገር እውነትነቱ የማይካድ ቢሆንም፣ ቃሉ እንዳለ ለማዕድ ቤት የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ምርመራ ያሻዋል፤ የወጡን ጣዕም የሚወስነው የባለሙያዋ እጅ ቢሆንም፣ እሳቱ የሚነድበት ዕቃ በተለወጠ ጊዜ እርስዋ የምትተነፍሰው አየር፣ ከእሳት ዳር የምታሳልፈው ሰዓት፣ ቤተ ሰቡ ለማገዶና ለመብራት የሚያወጣው ገንዘብ፣ በጦሳ ተራራ ጫፍና ሸንተረር ቆሞ የሚቀረው ባሕር ዛፍ ሁሉ አብሮ ይለወጣልና ነው። ዛሬ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ምድጃ ለመግዛት ወደ ገበያ የወጣ ሰው የከሰሉን፣ የጋዙን፣ ባለ ሽቦውን፣ ባለ ሳህኑንና ባለ መስተዋቱን ምድጃ ሲያይ ዓይኑ በመልካቸው፣ ልቡም በዋጋቸው ይሳባል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ኋላ ከሚመጣው ጸጸት ያድነዋል።

የቀድሞ ሊቃውንት ይህ ግዙፍ ዓለም ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት እንደ ተፈጠረ ያስተምሩ ነበር። ማዕድ ቤት እነዚህ አራቱ ዘወትር የሚገናኙበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ ስለ ምድጃ የሚጠየቀውም በዚሁ ሥርዓት ቢጠየቅ ይቀናል፤ ይኸውም ውኃው በስንት ሙቀት ይፈላል፣ እሳቱ ከምን ይገኛል፣ ነፋሱ በየት ይገባል ጢሱስ በየት ይወጣል፣ ከመሬት የተገኘው ሸክላና ብረትስ ከእሳቱ ጋር ይስማማል ወይ ማለት ነው።

ከውኃው እንጀምር፤ የደሴ ማዕድ ቤት ከቆላው ማዕድ ቤት የሚለይበት ዐቢይ ምክንያት በዚህ ላይ ነውና። ከባሕር ወለል ጋር በተስተካከለው በአሰብ ወደብ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከዚያ የሚነሣው አውራ ጎዳና የአፋርን በረሃ አቋርጦ ኮምቦልቻ ሲደርስ ከፍታው 1,850 ሜትር ያህል ስለሚሆን ውኃው በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ደግሞ ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋና የመፍያው ሙቀት ወደ 92 ዲግሪ ይወርዳል። በላያችን የተጫነው የአየር ክብደት ሽቅብ በወጣን መጠን እየቀለለ ይሄዳል፤ በደሴ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ ግፊቱ የቀለለለት ውኃም ብዙ ሳይሞቅ እንፋሎት ሆኖ ይነሣል።

ባቄላው፣ ሽንብራው፣ ክኩና የበሬው ሥጋ በደሴ ለመብሰል ብዙ ሰዓት የሚፈጁት ስለዚህ ነው፤ በጾም ወራት ጥራጥሬ የሚቀቅል ቤትም፣ በረመዳን ለማፍጠሪያ ሾርባ የሚሠራ ቤትም ይህን ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን መድኃኒቱ ትልቅ እሳት ነው ብሎ በማሰቡ ላይ ነው፤ ውኃ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብንጨምርበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ ከ92 ዲግሪ አያልፍም፤ የተጨመረው ማገዶም ሆነ የተጨመረው መብራት በከንቱ ወደ ጣራ ይወጣል። እውነተኛው መድኃኒት ሁለት ነው። አንደኛው ድስቱን በሚገባ ከድኖ እሳቱን ዝቅ ማድረግ ሲሆን፣ ሁለተኛው እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዘውን የግፊት ድስት መጠቀም ነው፤ ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1679 የፈለሰፈው ይህ ዕቃ በደሴ ከፍታ እንኳ የውኃውን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋልና። ስለዚህ ለደጋ ሰው ምድጃ ሲመረጥ አስቀድሞ የሚጠየቀው እሳቱ ምን ያህል ይንበለበላል ተብሎ ሳይሆን፣ ምን ያህል ዝቅ ብሎ ሳይጠፋና ሳይዋዥቅ ይቆያል ተብሎ ነው፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ቀስ እያለ የሚቁላላበት ወጥም፣ ፊቱ እየፈነዳ ታቹ የሚያርረው ሽሮም የሚፈልጉት ይህንኑ የታዘዘ እሳት ነው።

ወደ እሳቱ ስንመጣ ከሁሉ የሚቀድመው ባለ ሦስት ጉልቻው ነው፤ ዕንጨት፣ ጭራሮና ኩበት ሁሉን የሚቀበል፣ ዋጋ የማይጠይቅ፣ ድስቱንም እንደ መጠኑ የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ ከሚነደው ማገዶ ሙቀት ውስጥ ወደ ድስቱ የሚደርሰው ግን ከአሥር እጅ አንድ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። ይህን ብክነት ለመቀነስ በ1980ዎቹ በአገራችን የኃይል ጥናት ባለሞያዎች ሁለት ምድጃዎች ተዘጋጅተዋል፤ አንደኛው ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከፓሚስ ድንጋይ ተሠርቶ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፈው፣ የእንጀራ መጋገሪያውን ማገዶ እስከ ግማሽ የሚቀንሰው «ምርጥ» የተባለው ነው፤ ሁለተኛው በቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ የሸክላ አፍ ያለው፣ ከሰሉንም ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ አንድ አራተኛ ያህል የሚቆጥበው «ላቀች» ነው። መብራት ያልገባለት ወይም የመብራቱን ዋጋ የማይችል ቤት ከእነዚህ ከሁለቱ የተሻለ አያገኝም።

እዚህ ላይ ግን የነፋሱን ነገር ከእሳቱ ነጥሎ መናገር አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በቤት ውስጥ በሚነደው ማገዶና ከሰል ከሚበከለው አየር የተነሣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ ሞቷል፤ ይህም ጉዳት አብዝቶ የሚያገኛቸው ከምድጃው ዳር የሚውሉትን እናቶችና በጀርባቸው የሚታዘሉትን ሕፃናት ነው። የዕንጨቱ ጢስ ዓይንን እያቃጠለና እያስነባ ራሱን ስለሚያስታውቅ ሰው ይሸሸዋል፤ ፍም የሆነው ከሰል ግን ሽታም መልክም የሌለውን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዘኛ አየር በስውር ስለሚያወጣ ከጢሱ ይልቅ የሚያስፈራው እርሱ ነው። በደሴ ብርድ፣ በተለይም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች፣ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ማንደጃውን ለማሞቂያ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት እንቅልፍን ወደ ሞት የሚያሻግር ነገር ነው፤ መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ቀጥሎ ያዞራል፣ ጉልበትም ይከዳል፣ በዚህ ጊዜ ተነሥቶ በሩን መክፈት እንኳ ላይቻል ይችላል። ከሰል የሚነደው በደጅ ወይም ግራና ቀኙ በተከፈተ ስፍራ ብቻ ነው፤ ይህን ሳያስጠነቅቁ ስለ ከሰል መናገር በደል ነው።

የጋዝ ምድጃ ለዓይን በሚታይ ነበልባል ወዲያው ስለሚታዘዝ፣ ሸክላ ድስቱንም አሉሚንየሙንም ሳይመርጥ ስለሚቀበል፣ መብራት በጠፋ ጊዜም ስለማይጠፋ በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ የተወደደ ነው። ሆኖም ጋዙ ከውጭ አገር የሚገባ በመሆኑ አቅርቦቱ ሲቋረጥ ሲሊንደሩ ባዶውን ይቀመጣል፤ በደጋ አገርም ሁለት ጠባዮቹን ማወቅ ይገባል። አንደኛ፣ በሲሊንደሩ የሚሞላው ቡቴንና ፕሮፔን የተባሉ ጋዞች ቅይጥ ሲሆን፣ ቡቴን ወደ ዜሮ ዲግሪ በቀረበ ብርድ ከፈሳሽነት ወደ አየርነት መለወጡን ስለሚተው፣ በውርጭ ማለዳ ነበልባሉ ሊደክም ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሲሊንደሩን በእሳት ለማሞቅ መሞከር ቤትን እንደ ማቃጠል ይቈጠራል። ሁለተኛ፣ በስሱ አየር ምክንያት ነበልባሉ በቂ ነፋስ ካላገኘ ሰማያዊነቱን ትቶ ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ የድስቱንም ቂጥ በጥቀርሻ ያጠቁራል፤ ይህ ሲታይ የአየር ማስገቢያውን ማጽዳትና በባለሞያ ማስተካከል ያስፈልጋል። ጋዙ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ፣ ሲያፈስ ወደ ላይ ከመሄድ ይልቅ በወለሉ ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ የማዕድ ቤቱ መተንፈሻ ከወለሉ አጠገብም ሊኖር ይገባል። የቱቦው መጋጠሚያ የሚፈተሸው በክብሪት ሳይሆን በሳሙና አረፋ ነው፤ ሽታው በተሰማም ጊዜ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ ሲሊንደሩን ዘግቶ በሩን መክፈት ነው።

የኤሌክትሪክ ምድጃዎች አራት ወገን ናቸው። በሸክላ ቦይ ውስጥ የተጠመዘዘ እርቃን ሽቦ ያለው ርካሹ ምድጃ ጀበናንም ትንሽ ድስትንም ያለ ችግር ያሞቃል፤ ነገር ግን ወጥ በገነፈለበት ወይም የብረት ማንኪያ ሽቦውን በነካበት ጊዜ መብራቱ ሰውን ሊይዝ ስለሚችል፣ ሕፃናት ባሉበት ቤት አይመከርም። ባለ ብረት ሳህኑ ሽቦውን በውስጡ ስለሚሸሽግ ከዚህ አደጋ የራቀ ነው፤ ለመሞቅ ይዘገያል፣ አንድ ጊዜ ከሞቀ ግን ቶሎ ስለማይበርድ፣ ወጡ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው አጥፍቶ በቀረው ሙቀት መጨረስ ይቻላል፤ ክብደቱም ገንፎ በብርቱ ሲማሰል ከስፍራው እንዳይንሸራተት ይረዳዋል። ባለ መስተዋቱና ከሥሩ ቀይ ብርሃን የሚታይበት ምድጃ ለማጽዳት ይቀላል፣ ታቹ ልሙጥ የሆነ ማናቸውንም ድስት ይቀበላል፤ መስተዋቱ ግን የከባድ ድስት ውድቀትን አይታገሥም።

አራተኛው ኢንዳክሽን የሚባለው ነው፤ እርሱም ራሱ ሳይግል ድስቱን የሚያግል በመሆኑ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1831 እንዳስረዳው፣ የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል በአጠገቡ ባለ ብረት ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ ከመስተዋቱ ሥር የተጠቀለለው ሽቦ ይህን ኃይል ሲልክ የድስቱ ታች ራሱ የእሳት ምንጭ ይሆናል፤ ከሚፈጀው መብራት ውስጥም ከመቶ 85 ያህሉ ወደ ምግቡ ይገባል። ነገር ግን ከመሬት የተገኙት ዕቃዎች ሁሉ ለእርሱ አይስማሙም፤ ሸክላ ድስት፣ ጀበናና ተራው የአሉሚንየም ድስት በላዩ ቢቀመጡ ቀዝቅዘው ይውላሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ማግኔት ወስዶ በድስቱ ታች ማስጠጋት፣ ቢጣበቅ ይሆናል፣ ባይጣበቅ አይሆንም። እንግዲህ ኢንዳክሽን የሚገዛ ሰው የድስቶቹንም ዋጋ አብሮ ያስላ፤ የመብራት ኃይል መዋዠቅም በውስጡ ያሉትን ረቂቅ መሣሪያዎች ስለሚጎዳ፣ የኃይል ማስተካከያ ቢያኖርለት ይበጃል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ለብቻው ሊታሰብ የሚገባው ነው። ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ስለሚስብ፣ በአገራችን ባለው 220 ቮልት ሲከፈል ከ16 እስከ 18 አምፔር ይሆናል፤ ይህም ተራ ሶኬት ሊሸከመው ከተበጀለት ከ16 አምፔር ጋር እኩል ወይም የሚበልጥ ነው። ስለዚህ ለምጣዱ ከቆጣሪው ሰሌዳ በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ገመድና የራሱ ማቋረጫ ያስፈልገዋል፤ ባለ ሁለት ሳህን ምድጃና ምጣድ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ መጋገር ገመዱ ከውስጥ እየቀለጠ ቤቱን ለእሳት እንዲያጋልጥ መተው ነው።

ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል እጅግ የሚበልጠው ከሚወርድ ውኃ የሚገኝ በመሆኑ፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ በተከፈተ ጊዜ የማመንጨት አቅሙ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የሆነ ኃይል ስለ ተጨመረለት፣ የከተማ ሰው ማዕድ ቤት ወደ ኤሌክትሪክ ማዘንበሉ ተገቢ ነው። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ መብራት እንደ ተቋረጠ ያየ ሰው፣ ቤቱን በአንድ እሳት ብቻ ላይ አያቆምም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምንሰጠው ፍርድ ይህ ነው። መብራት ላለው የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ቤት ዋናው ምድጃ ባለ ሁለት ብረት ሳህን ኤሌክትሪክ ይሁን፤ ድስቶቹን ለመለወጥ አቅም ያለው ኢንዳክሽኑን ይምረጥ፤ ለጥራጥሬና ለሥጋ የግፊት ድስት ይጨመር፤ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ትንሽ የጋዝ ምድጃ ወይም ላቀች ይቀመጥ። አቦል፣ ቶናና በረካ የሚጠጣበትን የቡና ሥርዓት ከፍሙ ለመለየት የማይወድ ወሎዬ ፍሙን በበረንዳ ወይም ግራና ቀኙ በተከፈተ ስፍራ ያኑረው። አንባቢ ሆይ፣ ምድጃ ለመግዛት ስትወጣ በቤትህ ያሉትን ድስቶች፣ የገመድህን ውፍረትና የማዕድ ቤትህን መስኮት አስቀድመህ መርምር፤ ከሁሉም በፊት ግን በየቀኑ በፊቱ የምትቆመውን ጠይቃት፤ የምርጫው ባለ መብት እርስዋ ናትና።