በክንድ ለሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ማስወጫውም አብሮ ይታሰብ

ማሳ በየዓመቱ ያለ ዕረፍት ቢታረስ ጉልበቱ እንደሚደክምና ምርቱ እንደሚቀንስ ለገበሬ የሚያስተምረው አያስፈልግም። አንዲት እናት የመጀመሪያውን ልጅ ጡት ሳታስጥል ሌላውን ስታረግዝ ግን «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ተብሎ በዝምታ የሚታለፍበት መንደር ዛሬም ጥቂት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና እስክታረግዝ ድረስ ቢያንስ 2 ዓመት እንድትቆይ ይመክራል። ይህ ዕረፍት የእናቲቱን ደምና ጉልበት የሚመልስ፣ ሕፃኑም ጡት በሚገባ ጠብቶ እንዲያድግ የሚረዳ ነው።

ይህንኑ ዕረፍት ለማግኘት በገጠር ከሚሰጡት መከላከያዎች አንዱ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ነው። ጥቅሙ በምርምር የተረጋገጠ ሲሆን፣ በአሰጣጡ ላይ ግን አንድ ክፍተት ይታያል። መከላከያውን ለማስገባት በአቅራቢያ ያለው ጤና ኬላ ይበቃል፤ ለማስወጣት ግን በብዙ ሥፍራ እስከ ጤና ጣቢያ መጓዝ ያስፈልጋል። ይህን ክፍተት ለመዝጋት የሕክምና ባለሙያው ብቻ ሳይሆን የገበሬ ማኅበር መሪውም ድርሻ አለው።

አሠራሩ

ኢምፕላኖን በመባል የሚታወቀው መከላከያ አንድ ዘንግ ብቻ ሲሆን ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የክብሪት እንጨት ያህላል ማለት ነው። በውስጡ 68 ሚሊ ግራም ኢቶኖጀስትሬል የተባለ ሆርሞን ይዟል። ጀዴል የተባለው ደግሞ ሁለት ዘንጎች ያሉት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ዘንግ ውስጥ 75 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል ይገኛል። ሆርሞኑ በየቀኑ ጥቂት በጥቂቱ እየሰረገ ወደ ደም ይገባል። እንቁላል እንዳይወጣ ከማገዱም ሌላ፣ በማሕፀን አፍ ያለውን ፈሳሽ በማወፈር የወንዱ ዘር እንዳያልፍ ያደርጋል።

ኢምፕላኖን ለ3 ዓመት፣ ጀዴል ለ5 ዓመት ያገለግላሉ ተብለው የተሠራጩ ናቸው። ከሚጠቀሙት 1,000 ሴቶች መካከል በመጀመሪያው ዓመት የሚያረግዙት ከ1 አይበልጡም። በየ3 ወሩ የሚሰጠው 150 ሚሊ ግራም የዲፖ መርፌም ቀኑ ከተጠበቀ የሚያስተማምን ነው። ነገር ግን በአዝመራ ሥራ፣ በወንዝ መሙላት ወይም በመድኃኒት መጥፋት ምክንያት ቀኑ ስለሚያልፍ፣ በተግባር ከ100 ተጠቃሚዎች ወደ 4 የሚሆኑት በዓመት ውስጥ ያረግዛሉ።

ሌላም ልዩነት አለ። በክንድ የተቀበረው ከወጣ በኋላ የሴቲቱ የመውለድ ችሎታ ወዲያው ይመለሳል። መርፌ ያቆመች ሴት ግን ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ 10 ወር ያህል ልትቆይ ትችላለች። በቅርቡ መውለድ የምትፈልግ ሴት ይህን አስቀድማ ማወቅ ይኖርባታል። ከሁለቱ አንዱም የአባላዘር በሽታንና ኤች አይ ቪን ስለማይከላከል፣ ለዚህ ኮንዶም ያስፈልጋል።

የምርምሩ ጉዞ

የዚህ መከላከያ ምርምር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሆን፣ ፖፑሌሽን ካውንስል በተባለው ድርጅት ይሠሩ የነበሩት አሜሪካዊው ሼልደን ሲጋልና የቺሊው ተመራማሪ ሆራሲዮ ክሮክሳቶ ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ። የድካማቸው ፍሬ የሆነው ኖርፕላንት 6 ትንንሽ ቱቦዎች ነበሩት። በመጀመሪያ የፈቀደችው አገር ፊንላንድ ስትሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1983 ነበር።

ኖርፕላንት በሥራ ላይ ሲውል ግን ችግሩ ከመድኃኒቱ ይልቅ በአሰጣጡ ላይ ታየ። በስፋት ከታደለባቸው አገሮች አንዷ በሆነችው በኢንዶኔዥያ ለማስገባት የተደረገው ዝግጅት ለማስወጣት ስላልተደረገ፣ ይውጣልን ያሉ ሴቶች ተቸግረዋል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ የካሊፎርኒያ ዳኛ አንዲትን ተከሳሽ ኖርፕላንት እንድታስቀብር በማዘዙ ከፍተኛ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሲጋል ራሳቸው መድኃኒቱ ለማስገደጃ እንዳይውል በግልጽ ተቃውመዋል። ኖርፕላንት በአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲቆም፣ ለማስገባትም ለማስወጣትም የሚቀሉት ባለ አንድና ባለ ሁለት ዘንግ መከላከያዎች ቦታውን ያዙ።

ምርምሩ በዚህ አልቆመም። የዓለም ጤና ድርጅት ዚምባብዌን ጨምሮ በ7 አገሮች ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት፣ ኢምፕላኖን እስከ 5 ዓመት ድረስ ኃይሉን እንደሚይዝ አመልክቷል። ይሁን እንጂ እያንዳንዷ እናት መከተል ያለባት በካርዷ ላይ የተጻፈላትን ቀን ነው። ከዚህም ሌላ መርፌው ሴቶችን ለኤች አይ ቪ ያጋልጣል የሚል ሥጋት ለብዙ ዓመታት ሲነገር ስለቆየ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያና በኤስዋቲኒ 7,829 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ውጤት በዲፖ፣ በክንድ በሚቀበረውና በሉፕ ተጠቃሚዎች መካከል ጉልህ ልዩነት አለመኖሩን አሳይቷል። ሆኖም በጥናቱ ጊዜ 397 ሴቶች በቫይረሱ መያዛቸው የኮንዶምን አስፈላጊነት የሚያስገነዝብ ነው።

ወደ ጤና ኬላ የወረደው አገልግሎት

በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶችን ለአንድ ዓመት በማሠልጠን በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞችን መድቧል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮም እነዚሁ ሠራተኞች ኢምፕላኖንን በጤና ኬላ እንዲያስገቡ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ለታዳጊ አገሮች የሚቀርበው የአንዱ መከላከያ ዋጋ ከ18 ዶላር ገደማ ወደ 8 ዶላር ከ50 ሳንቲም በመውረዱ አቅርቦቱ ሊሰፋ ችሏል።

በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከ100 6 ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ በ1997 ወደ 14፣ በ2003 ወደ 27፣ በ2008 ወደ 35፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 41 ከፍ ብለዋል። በ2008ቱ ጥናት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 23ቱ መርፌ፣ 8ቱ በክንድ የሚቀበረውን ይጠቀሙ ነበር።

ደም መታየትና አሉባልታ

ዘንጉ ከክንድ ተነሥቶ ወደ ልብ ይሄዳል፣ ሴትን ያመክናል፣ እንስራ መሸከም ይከለክላል የሚሉ ወሬዎች በየገበያው ይሰማሉ። ማሕፀን አያመክንም። በአግባቡ ከቆዳ ሥር የተቀመጠ ዘንግ እዚያው የሚቆይ ሲሆን፣ ሴቲቱ ራሷ በጣቷ ዳብሳ ልታገኘው ትችላለች። ዳብሳ ካጣችው ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ አለባት። የተቀበረበትን ሥፍራ ለ4 ቀን ከውኃ ጠብቃና እንዳይመታ ተጠንቅቃ የዘወትር ሥራዋን መሥራት ትችላለች።

አሉባልታ ያልሆነው እውነተኛ ችግር የወር አበባ መዛባት ነው። አንዳንዷ ጨርሶ ሲቀርባት ሌላዋ ለብዙ ቀናት ደም ይታያታል። ይህ ለጤና የሚያሰጋ ባይሆንም በገጠር ኑሮ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ደም የሚታያት ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ከመግባትና ከመቁረብ፣ ሙስሊሟም ከሶላትና ከጾም ትታገዳለች። ይህ ሳይነገራት ያስቀበረች ሴት ብትደነግጥና ይውጣልኝ ብትል የሚያስወቅሳት አይሆንም። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችም የመከላከያውን ኃይል ስለሚያዳክሙ፣ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ለጤና ሠራተኛዋ መናገር ይገባታል።

የማስወጣቱ ጉዳይ

ማስወጣት በማደንዘዣ አማካይነት ትንሽ ሥፍራ ቀድዶ ዘንጉን መሳብ ነው። በትክክል የተቀበረ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ጠልቆ የተቀበረ ከሆነ ግን ሆስፒታል ድረስ ሊያስኬድ ይችላል። ማስገባቱ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲሰጥ፣ ማስወጣቱ በጤና ጣቢያ ላሉት ነርሶችና አዋላጆች ተትቶ ነበር። በመሆኑም ጤና ጣቢያው በሩቅ የሆነባት እናት ሕፃኗን አዝላ ግማሽ ቀን ተጉዛ፣ ባለሙያው ለሥልጠና ሄዷል ወይም ዕቃው አልተቀቀለም ተብላ ልትመለስ ትችላለች። ሁለተኛ ላትሄድ ትችላለች፤ ጎረቤቶቿም የእሷን ነገር አይተው ክንዳቸውን አይሰጡም። በምላጭ በቤት ለማውጣት መሞከር ደግሞ ለቁስልና ለመመረዝ ያጋልጣል።

የመሪዎች ድርሻ

የማኅበር መሪዎች በዚህ ረገድ ሊሠሩ የሚችሉት ብዙ ነው። አንደኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዓመቱ ውስጥ ቀናቸው የሚሞላ ስንት ሴቶች እንዳሉ ቁጥሩን ብቻ እንድታቀርብ በስብሰባ አጀንዳ ማስያዝ ይቻላል። ስም ግን በጉባኤ አይነበብም፤ መዝገቡም ለባልም ሆነ ለሊቀመንበር አይገለጥም።

ሁለተኛ፣ ከጤና ጣቢያው ጋር በመነጋገር ባለሙያው በየተወሰነ ጊዜ ወደ ጤና ኬላው መጥቶ የሚያስወጣበትን ቀን ማስወሰን ይገባል። ቀኑ እርሻ በማይኬድበት በዓል ወይም በገበያ ቀን ቢሆን ብዙዎችን ያሰባስባል። ክረምት ገብቶ ወንዝ ከመሙላቱ በፊት አንድ ዙር መኖሩም ጠቃሚ ነው።

ሦስተኛ፣ ይህን ያህል ሴት ታስቀብር ተብሎ ኮታ ማውጣት፣ ወይም ማዳበሪያን፣ ምርጥ ዘርንና የሴፍቲኔት እርዳታን ከመከላከያ ጋር ማያያዝ ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም። መቀበሉም፣ ማስወጣቱም፣ ሌላውን ዘዴ መምረጡም የሴቲቱ ፈቃድ ነው። ቀኑ ሳይደርስ ይውጣልኝ ያለችም ምክንያት ብትሰጥ ባትሰጥ ሊወጣላት ይገባል።

አራተኛ፣ ወንዶች በዕድርና በማኅበር ሲሰበሰቡ ስለ ደም መታየቱና ስለ ወሬው በግልጽ ቢወያዩ፣ በየቤቱ የሚነሣው ጠብ ይቀንሳል።

ለዚህ ሁሉ አዲስ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። የሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት ሊቀመንበሩ ወደ ጤና ኬላው ጎራ ብሎ «ለማስወጣት የመጡት ሴቶች የት ይሄዳሉ? ስንቶቹስ ሳይወጣላቸው ተመለሱ?» ብሎ ቢጠይቅ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።