ለሻዩ ተከፈለ፤ ለዜማውስ?

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው ሒሳብ የሚከፍለው ለሻዩና ለሳምቡሳው ነው። ባለቤቱም ለስኳሩ፣ ለከሰሉ፣ ለመብራቱ ይከፍላል። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ዘፈን ግን፣ ኦሮምኛም ይሁን ሶማልኛ ወይም አማርኛ፣ በነፃ ነው። ግጥሙን የጻፈውና ዜማውን የደረሰው ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን ለድምፃዊው ሸጦ፣ ገንዘቡን አንዴ ተቀብሎ ሄዷል።

በሕጉ ዓይን ግን መብቱን በጽሑፍ አሳልፎ እስካልሰጠ ድረስ ሒሳቡ አልተዘጋም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን በአደባባይ የማሰማትና በብሮድካስት የማሰራጨት መብት የደራሲው ነው ይላል። ጥበቃው ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የድሬው ልጅ ድምፃዊ ዓሊ ቢራ ያረፈው በ2015 ነው፤ ራሱ የደረሳቸው ሥራዎች እስከ 2065 የወራሾቹ ሀብት ናቸው ማለት ነው።

መብት መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ መሰብሰቡ ሌላ። ደራሲው በየሻይ ቤቱ እየዞረ ሳንቲም ቢለቅም የባጃጁ ሒሳብ ከለቀመው ይበልጣል። የ2007ቱ ማሻሻያ አዋጅ የጋራ አስተዳደር ማኅበርን ያመጣው ለዚህ ነው። ነገሩ በዓለምም የተጀመረው ከቡና ቤት ነው። በ1847 እ.ኤ.አ. ኧርነስት ቡርዤ የተባለ የዘፈን ግጥም ደራሲ ፓሪስ ካፌ ውስጥ ሥራው በነፃ ሲዘፈን ቢሰማ፣ እኔም የጠጣሁትን አልከፍልም ብሎ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ረታም። ከዚህም ተነሥቶ ለደራሲዎች ክፍያ የሚሰበስበው ሳሴም የተባለው ማኅበር በ1851 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። ፈረንሳዮቹ ሐዲዱን እስከ ድሬ ሲዘረጉ ይህን ልማድ ጣቢያ ላይ ረስተውታል መሰል።

እንዲህ ያለ ማኅበር ከጣቢያዎችና ከሆቴሎች በጅምላ ያስከፍላል፤ ከዚያ የተሰማውን ዘፈን በዝርዝር ወይም በናሙና ቆጥሮ ያከፋፍላል። ችግሩ ያለው ናሙናው ላይ ነው። ቆጠራው በአዲስ አበባ ኤፍ ኤሞች ብቻ ከተሠራ፣ ቀፊራ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የሶማልኛ ዜማ ደራሲ ድርሻ ዜሮ ይሆናል፤ የእሱ ገንዘብ ለሌላው ይደርሳል።

ስለዚህ ክፍያው ከጣቢያዎቹና ከትልልቆቹ ሆቴሎች ይጀመር፤ ሻይ ቤቱ መጨረሻ ላይ ይድረሰው። ቆጣሪው ግን መጀመሪያ ቀፊራ ይውረድ። እስከዚያው ግጥምና ዜማ የምትሸጡ ሁሉ፣ የሸጣችሁት የመቅረጽ ፈቃዱን ብቻ መሆኑን ውሉ ላይ አስጽፉ።