የትናንት ፋይል በዛሬ ኮምፒዩተር

እንደ ዊንዶውስ፣ ማክ ኦኤስና ሊኑክስ ያሉት ስርዓተ ክወናዎች በኮምፒዩተሩ አካላትና ተጠቃሚው በሚሠራባቸው ፕሮግራሞች መካከል ቆመው ሁለቱን የሚያገናኙ መሠረታዊ ሶፍትዌሮች ናቸው። አንድ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት፣ በስክሪን ላይ መስኮት ለመሳል ወይም ገጽ ወደ ማተሚያ ለመላክ ሲፈልግ ሥራውን ራሱ አያከናውነውም፤ ስርዓተ ክወናው ባወጣው የጥሪ ደንብ መሠረት ጥያቄውን ያቀርባል፣ ስርዓቱም ፈጽሞ ውጤቱን ይመልስለታል። አዲስ ስርዓተ ክወና በወጣ ቁጥር፣ ቀድመው የተጻፉት ፕሮግራሞች የሚያውቁት የድሮውን ደንብ ብቻ ስለሆነ፣ አዲሱ ስርዓት ያንን ደንብ እስከ ምን ድረስ እንደሚያከብር ሠሪዎቹ መወሰን ይኖርባቸዋል። አዲሱ ለአሮጌው የሚጠብቀው ይህ ቃል የኋልዮሽ ተጣጣሚነት ይባላል።

ፕሮግራምና ፋይል የሚያረጁበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። ፕሮግራም ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የተጻፈ የትእዛዝ ሰልፍ በመሆኑ፣ ዕድሜው እነዚያን ትእዛዞች የሚፈጽምለት ስርዓት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ፋይል በበኩሉ ምንም ሥራ የማይሠራ የቁጥሮች ክምችት ነውና፣ ከአገልግሎት ውጭ የሚሆነው ቁጥሮቹ ምን ምን እንደሚወክሉ የሚያውቅ ሲጠፋ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱም «አልከፍት አለ» ተብለው ስለሚታለፉ፣ ፕሮግራሙን ማዳን የሚገባው ሰው ፋይሉን ሲቀይር፣ ፋይሉን መቀየር የሚገባውም ፕሮግራሙን ደጋግሞ ሲጭን ይታያል። ልዩነቱን ለይቶ ማወቅ የነገሩ ሁሉ መነሻ ነው።

ስለ ፕሮግራሞች ሲነሳ የዊንዶውስ ሠሪ ማይክሮሶፍት ለኋልዮሽ ተጣጣሚነት ያደረገው ጥረት ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዊንዶውስ 95 በነሐሴ 1995 ለገበያ ሲቀርብ፣ ሰዎች እየሠሩባቸው የነበሩት ፕሮግራሞች ለቀድሞዎቹ ስርዓቶች ለዶስና ለዊንዶውስ 3.1 የተጻፉ ነበሩ፤ እነዚያ ፕሮግራሞች ካልሠሩ ደግሞ ገዢው የሚወቅሰው ፕሮግራሙን ሳይሆን አዲሱን ዊንዶውስ እንደሚሆን ሠሪዎቹ ያውቁ ነበር። ችግሩ ከትንንሽ ነገሮች ይጀምራል። ብዙ ፕሮግራሞች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የዊንዶውሱን የእትም ቁጥር ይጠይቁ ነበር፤ ነገር ግን ከነጥቡ በፊት ያለውንና ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቁጥር ለየብቻ እያዩ «የመጀመሪያው ቢያንስ 3፣ ሁለተኛው ቢያንስ 10 ይሁን» ብለው ስለሚፈትሹ፣ ከ3.10 የሚበልጠውን 4.0ን እንደ አሮጌ ቆጥረው አይቀበሉትም ነበር። ስለዚህ ዊንዶውስ 95 እንዲህ ላሉት ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች የእትም ቁጥሩ 3.95 እንደሆነ ይነግራቸዋል። ስህተቱ የፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ሆኖ ሳለ ማስተካከያው የተጻፈው በስርዓተ ክወናው ውስጥ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ሲምሲቲ ስለተባለው የከተማ ግንባታ ጨዋታ፣ የሶፍትዌር ጸሐፊው ጆኤል ስፖልስኪ በ2004 ያሰፈረው ታሪክ ነው። ጨዋታው ከማህደረ ትውስታ የወሰደውን ቦታ «ጨርሻለሁ» ብሎ ከመለሰ በኋላ ወዲያው ተመልሶ ያንኑ ቦታ የማንበብ ስህተት ነበረበት። በድሮው ስርዓት የተመለሰው ቦታ ቶሎ ለሌላ ስለማይሰጥ ስህተቱ ሳይታወቅ ኖረ፤ በዊንዶውስ 95 ግን ጨዋታው ይሰናከል ጀመር። መሐንዲሶቹ የተሰናከለበትን ምክንያት መርምረው ካወቁ በኋላ፣ ሲምሲቲ መከፈቱን ሲያይ የተመለሰውን ቦታ ለጥቂት ጊዜ ሳይነካ የሚያቆይ ልዩ ትእዛዝ በዊንዶውሱ ውስጥ ጨመሩ። እንዲህ ያለው ጥገና ከጊዜ በኋላ በሥርዓት ተደራጅቶ፣ ዛሬ በየዊንዶውሱ ውስጥ የታወቁ አሮጌ ፕሮግራሞች ዝርዝርና ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው ማስተካከያ የተመዘገበበት የመረጃ ቋት አለ፤ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ በፕሮግራሙ ምልክት ላይ በቀኝ ጠቅ ተደርጎ በሚከፈተው የባሕርያት መስኮት ውስጥ ያለው የተጣጣሚነት ገጽም ከዚሁ ማስተካከያ የተወሰነውን ለተጠቃሚው ምርጫ ይተዋል።

ማስተካከያው ሁልጊዜ ያለ ዋጋ አይመጣም። ድሮ ብዙ የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራሞች የደንበኛውን መረጃ የሚያስቀምጡት ፕሮግራሙ ራሱ በተጫነበት ማህደር ውስጥ ነበር፤ በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ለደህንነት ሲል ተራ ተጠቃሚ በዚያ ማህደር ውስጥ እንዳይጽፍ ከለከለ። አሮጌው ፕሮግራም እንዳይቆም ግን ጽሕፈቱን ሳያሳውቅ «ቨርቹዋል ስቶር» ወደተባለ፣ በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ስም ወደተከፈለ ሌላ ማህደር ያዛውረዋል። ፕሮግራሙ በለመደው ቦታ የጻፈ ይመስለዋል፤ ሆኖም በዚያው ኮምፒዩተር ላይ በሌላ የተጠቃሚ ስም የገባ የሥራ ባልደረባ የዛሬውን መዝገብ ከፍቶ የቆየውን ያገኛል፣ የፕሮግራሙን ማህደር ብቻ ገልብጦ መጠባበቂያ ያስቀመጠም እውነተኛው መረጃ በእጁ የለም። አሮጌ የሒሳብ ፕሮግራም የሚያዛውር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ማህደር ሊፈትሽ ይገባዋል፤ ከዝውውር በኋላ ጠፋ የተባለ መዝገብ ሊገኝ የሚችለው በዚያ ነውና።

ተጣጣሚነት ከትዕግሥት አልፎ የማይቻል የሚሆንበት ወሰንም አለ፤ ይህም ፕሮሰሰሩ ራሱ ሲለወጥ ነው። የ1978ቱ የኢንቴል 8086 ፕሮሰሰር መረጃን በ16 ቢት፣ ማለትም በአሥራ ስድስት የዜሮና የአንድ ምልክቶች ጥቅል እየወሰደ ይሠራ ነበር፤ በ1985 የመጣው 386 ይህን ወደ 32 አሳደገው፣ ነገር ግን የ8086ን ጠባይ አስመስሎ የዶስ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድበት የተለየ የአሠራር ሁኔታ በውስጡ ይዞ ነበር። ከ2003 ጀምሮ የተስፋፉት ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰሮች በሙሉ ኃይላቸው ሲሠሩ ያ ሁኔታ አይገኝም። ስለዚህ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የ32 ቢት ፕሮግራሞችን በልዩ ማስተናገጃ ያስኬዳል፤ የዶስንና የዊንዶውስ 3.1ን ፕሮግራሞች ግን አይቀበልም። ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው፣ ፕሮግራሙ ራሱ 32 ቢት ሆኖ የመጫኛው ፋይል ብቻ 16 ቢት የሚሆንበት አጋጣሚ ነው፤ ለአንዳንድ የታወቁ መጫኛዎች ዊንዶውስ ምትክ አዘጋጅቶ ይተካቸዋል፣ ለቀሩት ግን በሩ ዝግ ነው። የማተሚያና የስካነር ሾፌሮችም፣ ማለትም ስርዓተ ክወናውን ከመሣሪያው ጋር የሚያነጋግሩት አነስተኛ ሶፍትዌሮች፣ በስርዓቱ እምብርት ውስጥ ሲሠሩ ያለ ምንም አስተርጓሚ 64 ቢት መሆን ግዴታቸው ስለሆነ፣ ጤነኛ ማተሚያ በሾፌር እጦት ብቻ ከሥራ ውጭ ይሆናል። ዊንዶውስ 11 በ32 ቢት ጨርሶ አልተዘጋጀም፤ የ32 ቢት እትም የነበረው ዊንዶውስ 10ም መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

አፕል የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። ይህ ኩባንያ በ1994፣ በ2006 እና በ2020 የፕሮሰሰሩን ዘር ሦስት ጊዜ ለውጧል፤ በእያንዳንዱ ለውጥ ወቅት የአሮጌውን ፕሮሰሰር ትእዛዝ ለአዲሱ የሚያስመስል ወይም የሚተረጉም ሶፍትዌር አቅርቦ፣ ከጊዜ በኋላ አስተርጓሚውን የማንሳት ልማድ አለው። ለ2006ቱ ሽግግር የተዘጋጀው ሮዜታ በ2011 በወጣው የስርዓቱ እትም ውስጥ አልነበረም፤ በ2019 የወጣው ካታሊና የተባለው እትም ደግሞ የ32 ቢት ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ አስቀርቷል። ስርዓቱ በዚህ መንገድ ቀለል ብሎ ይኖራል፣ ሸክሙ ግን ወደ ተጠቃሚው ይዞራል።

በሩ ለተዘጋባቸው ፕሮግራሞች የሚቀረው መፍትሔ አሮጌውን ስርዓት በአዲሱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ሶፍትዌር በአንድ መስኮት ውስጥ ሙሉ ኮምፒዩተር ፈጥሮ ኤክስፒን እንደ እንግዳ ያስተናግዳል፤ ዶስቦክስ የዶስን ዘመን ማሽን በሶፍትዌር ያስመስላል፤ ከ1993 ጀምሮ የተገነባው ዋይን ደግሞ ዊንዶውስን ሳይጭን የዊንዶውስን ጥሪዎች ወደ ሊኑክስ ጥሪዎች ይለውጣል። ድጋፉ የተቋረጠበት ስርዓት የደህንነት ቀዳዳው ስለማይደፈን፣ እንዲህ ያለው እንግዳ ከኢንተርኔት ተለያይቶ መቀመጥ ይኖርበታል።

ወደ ፋይሎች ሲመጣ ጥያቄው ይለወጣል። ከኦፊስ 2007 በፊት የነበረው የወርድ ሰነድ ይዘቱና ቅርጹ በአንድ ላይ የተጠቀለሉበት፣ ከፕሮግራሙ ሠሪ ውጭ ላለ ሰው አደረጃጀቱ በቀላሉ የማይገለጥ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ዝርዝሩን ለማንም ክፍት ያደረገው በ2008 ነው። ከ2007 ጀምሮ የመጣው ዶክኤክስ የተባለው ቅርጽ በአንጻሩ ዚፕ ተደርገው የታሸጉ በርካታ የጽሑፍ ፋይሎች ስብስብ ነው፤ የፋይሉን ስም ቅጥያ ወደ ዚፕ ለውጦ የከፈተ ሰው የሰነዱን ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ፋይል፣ ሥዕሎቹን በሌላ ማህደር ተቀምጠው ያገኛቸዋል። ወርድ አንድ ቀን ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉን ማውጣት ይቻላል ማለት ነው። ፋይሎች አሮጌ ስህተትንም ይዘው ይጓዛሉ፤ የሠንጠረዥ ፕሮግራሙ ኤክሴል በ1983 ከወጣው ተመሳሳይ ፕሮግራም ከሎተስ 1-2-3 ጋር እንዲስማማ ሲባል 1900ን 366 ቀን ያለው ዓመት አድርጎ የተቀበለ በመሆኑ፣ ዛሬም በአንድ ሳጥን ውስጥ 60 ተጽፎ በቀን መልክ እንዲታይ ቢታዘዝ ፈጽሞ ያልነበረውን የካቲት 29 ቀን 1900ን ያሳያል። ስህተቱ ቢታረም በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሠንጠረዦች ውስጥ ያሉ ቀናት በአንድ ስለሚዛቡ ማንም አልነካውም።

ለአማርኛ አንባቢ ግን ከሁሉ የሚቀርበው የግእዝ ፊደል ጉዳይ ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ፕሮግራሞች ለአንድ ፊደል አንድ ባይት፣ ማለትም ቢበዛ 256 የተለያዩ ቁጥሮች ብቻ ይመድቡ ነበር፣ እነዚያም ቁጥሮች በላቲን ፊደላትና ምልክቶች የተያዙ ነበሩ። የግእዝ ፎንት የሠሩት ባለሙያዎች ብልሃት ቁጥሮቹን ሳይነኩ ሥዕላቸውን መለወጥ ነበር፤ ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ «ሰ»ን ቢያይም በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የአንድ ላቲን ምልክት ቁጥር ነው፣ ጽሑፉ በውስጡ ላቲን ሆኖ ልብሱ ብቻ ግእዝ ነበር ማለት ይቻላል። ፊደሎቻችን ከነቁጥሮቻቸውና ከነሥርዓተ ነጥቡ 256 ቦታ ስለማይበቃቸውም፣ አንዳንዱ ፎንት በሁለትና በሦስት ፋይል ተከፈለ፣ ሌላው አካሉንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ በስክሪን ላይ አገጣጠማቸው። ያ ትውልድ ጋዜጣና መጽሐፍ በኮምፒዩተር እንዲታተሙ ያስቻለ በመሆኑ ክብር ይገባዋል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ድርጅት የየራሱን የቁጥር አመዳደብ ስለተከተለ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር።

ለዓለም ፊደላት የጋራ የቁጥር አመዳደብ የሆነው ዩኒኮድ በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለ345 የግእዝ ምልክቶች የራሳቸውን ቋሚ ቁጥር ሰጠ፤ በአሥራ ስድስት መሠረት አቆጣጠር ሀ 1200፣ ለ 1208፣ መ 1218 ሆኑ፣ የ2005ቱ ዩኒኮድ 4.1ም ተጨማሪ ምልክቶችን አስገባ። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ከራሱ ጋር ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን በነበረበት ቀረ። አሮጌው ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት የተዘበራረቁ የላቲን ምልክቶች ይታያሉ፤ ብዙዎች ተበላሽቷል ብለው የሚጥሉት ይህ ፋይል አንድም ባይት አልጎደለበትም። ፎንቱ ቢጫንና ጽሑፉ ቢነበብ እንኳ ቃል ቢፈለግበት አይገኝም፣ በሀ ሁ ቅደም ተከተል ቢደረደርም ላቲኑን ተከትሎ ይደረደራል።

እንዲህ ያለውን ፋይል ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ መለወጫዎች የሚሠሩት ለእያንዳንዱ አሮጌ ፎንት በተዘጋጀ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው፤ ለዚህም ሰነዱ ውስጥ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው መረጃ መኖር አለበት። ጽሑፉን ገልብጦ በኖትፓድ ላይ የለጠፈ ሰው ሳያውቀው ያንን መረጃ ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ በአማርኛው መካከል የገባው እውነተኛ የእንግሊዝኛ ቃልና አማርኛው ራሱ ሁለቱም የላቲን ቁጥሮች ስለሆኑ የሚለያቸው ነገር አይኖርም። ስለሆነም ለውጡ መካሄድ ያለበት በዋናው የወርድ ሰነድ ሙሉ ቅጂ ላይ፣ ፎንቶቹ ከተጫኑ በኋላ ነው። ውጤቱ ሲታረም ደግሞ ዓይን ቶሎ መሄድ ያለበት በተለየ የፎንት ፋይል ውስጥ ይቀመጡ ወደነበሩት የግእዝ ቁጥሮች፣ ወደ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ፣ እንዲሁም እንደ «ቋ» እና «ኗ» ወዳሉት ፊደላት ነው፤ መለወጫው ሠንጠረዡ ጎዶሎ ከሆነ በቅድሚያ የሚስተው በእነዚህ ላይ ነው። ዋናው ፋይል ከነፎንቱ፣ ከተለወጠው የዩኒኮድ ቅጂና ፎንቱን በውስጡ ይዞ ለረጅም ዘመን ማኅደር በ2005 ደረጃ ከወጣለት ከፒዲኤፍ ኤ ቅጂ ጋር አብሮ ሲቀመጥ፣ ወደፊት የተሻለ ሠንጠረዥ ሲገኝ ሥራው ከመነሻው ሊደገም ይችላል።