ተጫዋች በምን ይመዘናል? ከጥሊሊ የገና ሜዳ እስከ ክለቦች የደመወዝ መዝገብ

የገና ዕለት ጥሊሊ ላይ ወጣቶች ሜዳ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሩሩን መምታት አይደለም። መቧደን ነው። ሁለት አለቆች ይሰየማሉ። የቀሩት ጥንድ ጥንድ ይሆኑና ገለል ብለው የምስጢር ስም ያወጣሉ። አንዱ «አንበሳ»፣ ሌላው «ነብር» ይባላል። ከዚያ አለቆቹ ፊት ቀርበው «የቱን ትመርጣለህ?» ይላሉ። አለቃው የትኛው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ይመርጣል፤ ያልተመረጠው ለሌላኛው አለቃ ይደርሳል።

ለአላፊ አግዳሚ ይህ የልጆች ጨዋታ ነው። ገበያ ለሚከታተል ሰው ግን ትልቅ ትምህርት አለበት። ጥንድ የሚሆኑት እኩያሞች ናቸው። ሯጭ ከሯጭ፣ ጉልበተኛ ከጉልበተኛ ይጣመራል። አንዱ ከማይመጥነው ጋር ቢጣመር ሜዳው ሁሉ ይጮህበታል። እንግዲህ እያንዳንዱ ተጫዋች ገና ጨዋታው ሳይጀመር «እኔን ማን ይተካኛል?» የሚለውን ጥያቄ መልሶ ነው የሚገባው። እኩያ ታጥቶለት ብቻውን የሚቀር ልጅ ሲኖርም ሁለቱ አለቆች ይጨቃጨቁበታል። የሜዳው ውድ ዕቃ እሱ ነው።

ገና የእኛ ሆኪ ነው። ቆልመም ባለ ዱላ ኳስ እየመቱ ወደ ተቃራኒ ወገን የሚነዱበት ጨዋታ፣ በውጭ አገር በሣርና በበረዶ ላይ ከሚካሄደው ሆኪ ጋር ዝምድናው በዓይን ይታያል። ልዩነቱ ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። በጥሊሊ ሜዳ ያሸነፈ የሚያገኘው ክብርና ጭፈራ ነው። በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ግን ተጫዋች በሚሊዮን ዶላር ስለሚገዛና ስለሚሸጥ «ይህ ሰው ለድል ምን ያህል ይጠቅመናል?» የሚለው ጥያቄ የሒሳብ ሥራ ሆኗል። ሒሳቡ እኛንም ይመለከታል። ዱላውን ትተን ወደ እግር ኳሳችን ብንመጣ፣ ክለቦቻችን ለተጫዋች የሚከፍሉት ገንዘብ ትንሽ አይደለምና።

ጎል ብቻ መቁጠር

በእኛ አገር የተጫዋች ዋጋ የሚወጣው በአብዛኛው በጎሉና በስሙ ነው። ጎል ያገባ ይወራለታል፤ የተወራለት ይፈለጋል፤ የተፈለገ ፊርማው ይወደዳል። ጎል ጥሩ መለኪያ ነው፤ ግን ሙሉ መለኪያ አይደለም።

የ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ምስክር ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎሎች አስቆጥሮ በዮርዳኖስ ዓባይ ስም ተይዞ የነበረውን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫውን ያነሣው ግን የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ነበር። ቡና ሁለተኛ ወጣ። ይህ የአቡበከርን ችሎታ አያሳንስም፤ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የወሰደው በከንቱ አይደለም። ነጥቡ ሌላ ነው። የአንድ ዓመት ዋንጫ የሚወሰነው አንድ ሰው ባገባው ጎል ሳይሆን ቡድኑ በአጠቃላይ ባገባውና በተቆጠረበት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ጎል እንዳይቆጠር ያደረገ ተከላካይም ለዚያ ልዩነት ሠርቷል። ችግሩ ያልተቆጠረ ጎል በጋዜጣ አይጻፍም።

ሆኪዎች ምን አደረጉ?

የበረዶ ሆኪ ሰዎች ይህን ችግር ቀደም ብለው አይተውታል። በሜዳው ላይ በረኛውን ጨምሮ ስድስት ስድስት ሰው ይሰለፋል፤ ተጫዋቾች አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው እየተቀያየሩ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የሞንትሪያል ክለብ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ቀላል መዝገብ መያዝ ጀመረ። ተጫዋቹ ሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ ጎል ካገባ፣ ማንም ያግባው ማን፣ አንድ ይደመርለታል። ከተቆጠረበት አንድ ይቀነስበታል። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ሒሳቡ ይኸው ነው። «የመደመርና የመቀነስ» ሒሳብ የሚሉት ይህን ነው፤ በ1967-68 የሊጉ መደበኛ መዝገብ ሆነ።

በዚህ መዝገብ እስከ ዛሬ ያልተደፈረው ቁጥር 124 ሲሆን፣ በ1970-71 ያስመዘገበው የቦስተኑ ቦቢ ኦር ነው። ኦር ተከላካይ ነበር። በጎል ብቻ ቢመዘን ኖሮ ተከላካይ የዚህ ዓይነት ሰንጠረዥ አናት ላይ ባልተገኘ።

መዝገቡ ግን የራሱ ጉድለት አለው። ከጎበዝ ጋር የሚሰለፍ ሰነፍ በጎበዙ ትከሻ ይደመርለታል። ከደካማ ቡድን ጋር የሚለፋ ጎበዝ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ይቀነስበታል። ስለዚህ ሒሳብ ዐዋቂዎቹ ሌላ ጥያቄ ጨመሩ፤ «እሱ ባይኖር ማን ይገባ ነበር?»

የፈረሱ ዋጋ

ይህን ለመረዳት ከአገው ምድር የተሻለ ቦታ የለም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሰኞች በሚሰበሰቡበት በዚህ አገር፣ የፈረስ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ ለገበሬው ማስረዳት ለቀባሪው እንደማርዳት ነው።

አንድ ባለጋሪ ፈረስ ሊገዛ ገበያ ወጣ እንበል። አንደኛው ፈረስ በቀን አሥር ጆንያ ድንች ያመላልሳል። ጎኑ የቆመው፣ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው ደግሞ ዘጠኝ ጆንያ ያመላልሳል። ብልህ ገዢ ለመጀመሪያው ፈረስ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለው ለአሥሩ ጆንያ አይደለም። ለአንዷ ጆንያ ነው። ዘጠኙን ርካሹም ፈረስ ያደርሳቸዋልና።

ኢኮኖሚስቶች በዚህ ላይ ብዙ ጽፈዋል። ጄራልድ ስከሊ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት የቤዝቦል ተጫዋች ለክለቡ የሚጨምረውን ድል፣ ከዚያም ድሉ የሚጨምረውን ገቢ አስልቶ ከደመወዙ ጋር አነጻጸረ። ያገኘው ውጤት በዚያ ዘመን ተጫዋቾች ከሚያስገቡት ጥቂቱን ብቻ ይወስዱ እንደነበር ነው። በኋላም ቢል ጄምስ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ለቤዝቦል የድል ድርሻን ለየተጫዋቹ የሚያከፋፍል ዘዴ አወጣ፤ ሆኪም የራሱን ተመሳሳይ ስሌት ሠራ። አካሄዱ በአጭሩ ይህ ነው። መጀመሪያ ተጫዋቹ በማጥቃትም በመከላከልም ለቡድኑ ያተረፈው ጎል ይሰላል። ከዚያ በቀላሉ የሚገኝ ምትክ ሊያተርፈው የሚችለው ይቀነሳል። የቀረው ወደ ድል ይመነዘራል። በሰሜን አሜሪካ ሆኪ ምንዛሪው ወደ 6 ጎል ገደማ ለአንድ ድል ነው። በእግር ኳስ መጠኑ ይለያል፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

ምሳሌ በብር

ለአንባቢ እንዲቀል ስም የሌለው አንድ የእግር ኳስ ቡድን እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተፈጠሩ ናቸው። ቡድኑ 20 ጨዋታ አድርጓል። አጥቂው በ16ቱ ተሰልፎ ራሱ 11 ጎል አግብቷል፤ በወር 40 ሺህ ብር ይከፈለዋል። የመሐል ተከላካዩ በ15ቱ ተሰልፎ አንድም ጎል አላገባም፤ 20 ሺህ ብር ይከፈለዋል። የሁለቱም ተቀያሪዎች 10፣ 10 ሺህ ብር ያገኛሉ።

አጥቂው ባለባቸው 16 ጨዋታዎች ቡድኑ 24 ጎል አገባ፤ በአማካይ 1.5 ነው። እሱ በሌለባቸው 4 ጨዋታዎች 5 ጎል ገባ፤ 1.25 ይሆናል። ልዩነቱ ሩብ ጎል ብቻ ነው። እሱ ሲቀር ሌላው ያገባል ማለት ነው።

ተከላካዩ ባለባቸው 15 ጨዋታዎች 12 ጎል ተቆጠረ፤ በአማካይ 0.8 ነው። በሌለባቸው 5 ጨዋታዎች 9 ጎል ተቆጠረ፤ 1.8 ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ሙሉ ጎል ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ክለቡ ለአጥቂው ከምትኩ በላይ 30 ሺህ ብር ይከፍላል፤ የሚያገኘው ሩብ ጎል ነው። በዚህ ዋጋ አንድ ሙሉ ጎል 120 ሺህ ብር ይሆናል። ለተከላካዩ ከምትኩ በላይ የሚከፍለው 10 ሺህ ብር ሲሆን የሚያገኘው አንድ ጎል ነው። አሥራ ሁለት እጥፍ ልዩነት! ሆኖም የዝውውር ወቅት ሲመጣ ክለቡ የሚሯሯጠው አጥቂው እንዳይሄድበት ነው። ተከላካዩ «ሌላ እናገኛለን» ተብሎ ይሸኛል።

ሁለት ዓይነት ዋጋ

እዚህ ላይ አንባቢ «ሕዝብ ሜዳ የሚገባው አጥቂውን ለማየት አይደለም ወይ?» ቢል ልክ ነው። ለድል ያለ ዋጋና ለገቢ ያለ ዋጋ የተለያዩ ናቸው። የካናዳው ኤድመንተን ክለብ እ.ኤ.አ. በ1988 የሆኪ ንጉሥ የሚባለውን ዌይን ግሬትዝኪን ለሎስ አንጀለስ ሲሰጥ፣ ከተጫዋቾች ልውውጡ ሌላ 15 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። የኤድመንተን ሕዝብ አዘነ፣ ተቆጣ። ሎስ አንጀለስም በስሙ ብዙ ተመልካች ሳበች። ሆኖም በ1990 ዋንጫውን ያነሣው ያለ ግሬትዝኪ የቀረው ኤድመንተን ነበር። ሎስ አንጀለስ የገዛችው ስምና ገበያ ነው። ገበያው ትርፍ ስላመጣላት አልከሰረችም። ክስረት የሚመጣው አንዱን ዋጋ ከፍሎ ሌላውን ሲጠብቁ ነው።

የእኛ ክለቦች ከመግቢያ ትኬት የሚያገኙት ከወጪያቸው ጋር አይመጣጠንም። ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ወይም በመንግሥት ድርጅት ድጎማ ነው። እንዲህ ያለ ክለብ ለስም ሲከፍል ስሙ መልሶ የሚያስገባለት ገንዘብ ትንሽ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በተሳሳተ ሚዛን የሚመዘነው ገንዘብ ውኃና መንገድ ሊሆን ይችል የነበረው ገንዘብ ነው።

ጣሪያው ለማን?

ወጪው ሲንር ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ ይህ ጣሪያ አንድ ድክመት ነበረው። ጎበዙም መካከለኛውም ጣሪያው ሥር ስለሚሰበሰቡ፣ ደመወዝ የማን ድርሻ ከማን እንደሚበልጥ መናገሩን ያቆማል። ልዩነቱን ለመክፈል የፈለገም በጓሮ በር ለመክፈል ይፈተናል።

የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ከዚህ የተለየ መንገድ ያዘ። በደመወዝ ጭቅጭቅ የ2004-05 ውድድር ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ በኋላ፣ በ2005 ጣሪያ የተጣለው በቡድኑ ጠቅላላ ደመወዝ ላይ ነው። ለአንዱ የተጨመረ ዶላር ከሌላው የሚቀነስ ሆነ። ያን ጊዜ ተጫዋችን በድል ድርሻው በቅደም ተከተል ማስቀመጥ የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑ ቀረ፤ የህልውና ጉዳይ ሆነ። የእኛም ሊግ ከ2017 ዓ.ም. ውድድር ጀምሮ የክለቦችን ጠቅላላ ክፍያ የሚገድብ መመሪያ ሥራ ላይ አውሏል። እንግዲህ ሚዛን የሌለው ክለብ ከዚህ በኋላ የሚጎዳው በሁለት በኩል ነው፤ በሜዳም በመዝገብም።

ደብተርና እርሳስ

ለዚህ ሥራ ኮምፒዩተር የግድ አይደለም። የወረዳ ቡድንም ቢሆን በአንድ ደብተር ሊጀምረው ይችላል። ለየጨዋታው ማን እንደተሰለፈ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደገባና እንደወጣ፣ በዚያ ጊዜ የገባውና የተቆጠረው ጎል ይጻፋል። በዓመቱ መጨረሻ «እሱ እያለ» እና «እሱ ሳይኖር» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይነጻጸራሉ።

ሦስት ነገር ግን መጠንቀቅ ያሻል። አንደኛ፣ አራትና አምስት ጨዋታ ጥቂት ነው፤ ዕድል ሊያሳስት ይችላል። ከላይ ያለው ምሳሌያችንም ለፍርድ ሳይሆን ለጥርጣሬ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ የቀረው ከጠንካራ ቡድን ጋር በተደረገ ጨዋታ ከሆነ ልዩነቱ የእሱ ላይሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ሁልጊዜ አብረው የሚሰለፉ ሁለት ሰዎችን ይህ ደብተር መለየት አይችልም፤ እዚያ ላይ የአሠልጣኙ ዓይን ያስፈልጋል። ደብተሩ አሠልጣኙን አይተካም። አሠልጣኙ በስም እንዳይታለል ግን ያግዘዋል።

ወደ ጥሊሊ ሜዳ እንመለስ። እዚያ ማንም ደመወዝ አይከፍልም፤ ማንም ፊርማ አይጠይቅም። ቢሆንም አለቆቹ አንድም ብር ሳያወጡ ትክክለኛውን ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ የዚህ ልጅ እኩያ ማነው? በሚሊዮን የሚቆጠር በጀት የሚያንቀሳቅሱ የክለብ ሥራ አስኪያጆች በሚቀጥለው የዝውውር ወቅት እስክሪብቷቸውን ከማንሣታቸው በፊት ይህችን አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁ፣ ከደመወዝ መዝገባቸው ላይ የሚሰረዘውና የሚጨመረው ስም ብዙ ሳይሆን አይቀርም።