በሶፍ ዑመር ዋሻ የመሪነት ሥራ ለሴቶች ልጆችም እንዲሰጥ

ከሮቤ ከተማ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ጎሮን ካለፈ በኋላ ደጋውን ትቶ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያም የዌብ ወንዝ የኖራውን ድንጋይ ሰርስሮ ከምድር በታች ከሚገባበት ስፍራ፥ ከሶፍ ዑመር ይደርሳል። ወንዙ ከባሌ ተራሮች ወርዶ በዋሻው ውስጥ ካለፈ በኋላ እንደ ገና ወደ ብርሃን ይወጣል። አጥኚዎች ለክተው እንደ ጻፉት የዋሻው ርዝመት ከነቅርንጫፎቹ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ያገኘው በጥንት ዘመን በዚያ ተጠግተው ይጸልዩ ነበር ከሚባሉት ከሼኽ ሶፍ ዑመር ሲሆን ሙስሊሞች እስከ ዛሬ ድረስ ለዝያራ ይመጡበታል። የድንጋይ ምሰሶዎቹን ውበት ያየ ሰው ሁሉ ጽፎታልና እኛ ዛሬ የተነሣነው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም እንግዳ ስለሚመራው ሰው ነው።

ዋሻው ጨለማ ነው፤ መንገዱም ወንዙን ደጋግሞ ያቋርጣል። ስለዚህ መልካን ከአዘቅት፥ መውጫውን ከማይወጣበት ጉድጓድ ለይቶ የሚያውቅ መሪ ያስፈልጋል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ታላቅ ለታናሽ፥ አባትም ለልጅ በእግር እየሄደ የሚያወርሰው ነው። ነገር ግን ልጅ ሲባል ወንድ ልጅ ማለት ሆኖ ቀርቷል። እኅቲቱ ውሃ ትቀዳለች፥ ማገዶ ትሸከማለች፤ እንግዳ በመጣ ጊዜ ግን ገንዘብ የሚያስገኘው ሥራ የወንድሟ ነው።

ለምን ቢባል የሚሰጠው ምክንያት ጉልበት ነው። ሃያ ሊትር ውሃ በጀሪካን አዝላ ዳገት ለምትወጣ ሴት ጉልበት ይጐድላታል ማለት የሚያስቅ ካልሆነ በቀር መልስ የሚሻ አይመስለንም። ጨለማን መፍራት ቢባልም ጨለማ የሚሸነፈው በማወቅ እንጂ በጢም አይደለም።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑንን እናት ሊቃውንት አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቋቸዋል። በጎጃም በጽላሎ የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የዓይናቸው ብርሃን የጠፋው ገና በሕፃንነታቸው ነው። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩና ሴት ናት፥ ደግሞም አታይም ብለው ልጃቸውን ከጓዳ አላስቀሩም፤ ቅኔ አስተማሯቸው። ቅኔ ቤት ደግሞ የወንዶች ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፥ ውሻ እየተከላከለ፥ ከአገር አገር እየዞረ የሚማረው በመሆኑ ለሴት ልጅ አይታሰብም ነበር። እማሆይ ግን ግሱንና አገባቡን፥ ሰሙንና ወርቁን በልባቸው ይዘው በኋላ የአባታቸውን ወንበር ተረከቡ፤ ወንዶች ተማሪዎችም ከደጃቸው ተቀምጠው ቅኔ ቈጠሩ፥ ተቀኙ። የተማረ ሰው ከማን ተማርህ ተብሎ ሲጠየቅ ስማቸውን የሚጠራው በኩራት ነው። መጽሐፍ አልገለጡም፤ ሁሉ በቃል ነበር። ያለ ዓይን ብርሃን የቅኔን መንገድ የመሩ ሴት ከነበሩ፥ መብራት የያዘች ልጅ የዋሻን መንገድ መምራት እንዴት ያቅታታል?

ከካህናት ወገን ሴት እንዳታስተምር ተብሏል የሚል ቢኖር ክልከላው ስለ ማኅበረ ጸሎት ሥርዓት የተነገረ መሆኑን ያስብ፤ አጵሎስን የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርተው ካስረዱት አንዷ ጵርስቅላ ናትና።

የአገሩን ልማድ ብንመለከትም ተቃውሞ አናገኝም። በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የሚባለውን በትር ትሰጣታለች። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉት ሰዎች መካከል ሲቆሙ ጠቡ ይበርዳል፤ ያንን ጥሶ ማለፍ ነውር ነው። ጦር የያዘን ሰው የምታቆም ሴት እንግዳን ተከተለኝ ብትል የሚደንቅ ነገር የለውም።

ከባሌ ጎረቤት ከአርሲ፥ ከበቆጂ የወጣችው ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በአሥር ሺህ ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ እስከ አገኘችበት ቀን ድረስ፥ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች ጥቁር አፍሪቃዊት ሴት አልነበረችም። በበቆጂ አሠልጣኙ ሥንታየሁ እሸቱ ወንድና ሴት ሳይለይ ማሠልጠኑ ፍሬው በዓለም ፊት ታይቷል። በአየር መንገዳችንም አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች፤ በ2008 ዓ.ም. ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበትን አውሮፕላን ወደ ባንኮክ የመራችውም እርሷ ናት። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ሴቲቱ ብርቱ መሆኗ ብቻ አልበቃም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እነሆ ተማሪ ብሎ ተቀብሏታል። በሶፍ ዑመር የጐደለው ይህ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ተጻፈ እንግዳው ወደ ዋሻውም እንደሚዘልቅ ተስፋ ይደረጋል። ስለዚህ ለመሪዎች ሥልጠና በሚሰጥበት ጊዜ ሹማምንቱ ከመንደሩ ሁለት ሦስት ልጃገረዶች እንዲገቡ ቢያደርጉ ወጪው ከራስ መብራትና ከጫማ ብዙ አያልፍም። የሚያስተምሩአቸውም ዋሻውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ይሁኑ፤ ለሽማግሌዎቹም አበል ይቈረጥላቸው፥ ዕውቀታቸውን በነፃ ስጡ ማለት አይገባምና።

ልጄ ከማታውቀው ሰው ጋር እንዴት ጨለማ ትገባለች የሚል ወላጅ ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። መሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ፤ የእንግዳው ስምና የገባበት ሰዓት በበሩ ላይ ይመዝገብ። የድካማቸውም ዋጋ በየራሳቸው እጅ በደረሰኝ ይከፈል እንጂ ለአባት ወይም ለባል ተላልፎ እንዳይሰጥ በደንቡ ላይ ይጻፍ።